የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዩዋን ማክግሬገር፣ ከጎኑ የቆመውን የሚያደምቅ ተዋናይ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ ስለ ስኮትላንዳዊው ተዋናይ ስለ ዩዋን ማክግሬገር የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ በየዕትሙ እየነጣጠልን ከመመለስ ይልቅ በአንድነት ብናስተናግዳቸው የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። የደብዳቤዎቹን ዋና ሐሳብ ሳንለቅ አሳጥረናቸዋል። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ልጆቼ ደጋግመው በሚመለከቱት የስታር ዋርስ ፊልም ውስጥ ጺሙን ያሳደገ፣ የመነኩሴ የሚመስል ካባ የደረበ፣ ንግግሩ የረጋ ሰው አለ። በቅርቡ ደግሞ በአንድ የቆየ ፊልም ላይ ፀጉሩን የተላጨ፣ ከስቶ አጥንቱ የቀረ የሄሮይን ሱሰኛ ሆኖ የሚተውን ወጣት አየሁ። ታላቁ ልጄ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ሲነግረኝ ማመን አቃተኝ። ለመሆኑ ይህ ሰው ማን ነው? ትወናን የተማረውስ የት ነው?» (ከባሕር ዳር የጻፉልን እናት)

ውድ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ ልክ ነው፤ ሁለቱም ዩዋን ማክግሬገር ነው። ሱሰኛውን የተጫወተው በ1996 ሲሆን ባለ ጺሙን መምህር ሆኖ የታየው በ2002 ነው፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ስድስት ዓመት ብቻ ስለሆነ መደነቅዎ አያስገርምም።

ማክግሬገር የተወለደው መጋቢት 1971 በስኮትላንድ በፐርዝ ከተማ ነው፤ ያደገው ግን ከዚያ በስተ ምዕራብ በምትገኘው ክሪፍ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱም እናቱም መምህራን ነበሩ፤ አባቱ የሰውነት ማጎልመሻ ያስተምሩ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ኮሊን የብሪታንያ አየር ኃይል የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ሆኗል። በቤተሰቡ ውስጥ ወደ ትወናው ዓለም ቀድሞ የገባው የእናቱ ወንድም ዴኒስ ሎሰን ሲሆን፣ ይህ አጎቱ ከለንደን ለጥየቃ በመጣ ቁጥር አለባበሱና አኳኋኑ ከክሪፍ ሰው ሁሉ የተለየ ስለነበር ሕፃኑ ዩዋን ገና በዘጠኝ ዓመቱ እንደ አጎቱ ተዋናይ ለመሆን ቆርጦ ነበር። በነገራችን ላይ ሎሰን ራሱ በ1977፣ በ1980 እና በ1983 በወጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት የስታር ዋርስ ፊልሞች ላይ ከአማፂያኑ አብራሪዎች አንዱን የተጫወተ ሰው ነው፤ ስለዚህ ልጆችዎ የሚያዩት ነገር ለማክግሬገር የቤተሰብ ጉዳይ ጭምር ነበር።

በ16 ዓመቱ፣ በወላጆቹ ፈቃድ፣ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ፐርዝ ቴአትር ገባ። የገባው ግን ለመተወን አልነበረም። ሥራው የመድረክ ዕቃ ማንሳትና ማስቀመጥ፣ መጋረጃ መሳብና አልፎ አልፎም አጃቢ ሆኖ መቆም ነበር። ስለዚህ ተዋናይ የሚጽፉ ብዙዎች ይህንን ዘመን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውት ይሄዳሉ፤ በእኔ ግምት ግን የሁለገብነቱ ምንጭ ከየትም ይልቅ እዚህ ላይ ይገኛል። የፐርዝ ቴአትር በዚያ ዘመን ይሠራ የነበረው በብሪታንያ አውራጃ ከተሞች በተለመደው አሠራር ነው፤ ይኸውም አንድ የተዋንያን ቡድን በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ ተውኔት እያዘጋጀ ለዚያው ከተማ ተመልካች የሚያቀርብበት ስልት ነው። በዚህ ወር አስቂኝ አሽከር የነበረው ሰው በሚቀጥለው ወር ንጉሥ ይሆናል፣ ከዚያም ነፍሰ ገዳይ ይሆናል፤ ዛሬ መሪ የሆነው ነገ ሁለት መስመር ብቻ ተናግሮ ይወጣል። ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር ተሸክሞ ይህንን የሚመለከት የ16 ዓመት ልጅ፣ ተዋናይ ማለት አንድ መልክ ይዞ የሚኖር ሰው ነው የሚል እምነት ሊያድርበት አይችልም።

ከዚያ በኋላ በከርኮዲ ከተማ ኮሌጅ ለአንድ ዓመት የድራማ መሠረታዊ ትምህርት ተከታትሎ፣ በ18 ዓመቱ ለንደን በሚገኘው ጊልድሆል የሙዚቃና የድራማ ትምህርት ቤት ገባ። ሊመረቅ ስድስት ወራት ያህል ሲቀሩት ግን ታዋቂው ጸሐፌ ተውኔት ዴኒስ ፖተር ለቻናል ፎር በጻፈው ባለ ስድስት ክፍል የቴሌቪዥን ድራማ ላይ መሪ ሚና አገኘና ምረቃውን ሳይጠብቅ ወጣ። ድራማው በ1993 ታየ። በማግሥቱ ዓመት «ሻሎው ግሬቭ» መጣ፤ ሦስት አብረው የሚኖሩ ጓደኛሞች አዲሱን ተከራያቸውን ሞቶ ሲያገኙትና አጠገቡ በገንዘብ የተሞላ ሻንጣ ሲያዩ የሚሆነውን የሚተርክ ነው። የዚህ ፊልም ዳይሬክተር ዳኒ ቦይል፣ ደራሲው ጆን ሆጅና ፕሮዲዩሰሩ አንድሩ ማክዶናልድ፣ ማክግሬገርን ይዘው ቀጥለው የሠሩት እርስዎ ያዩትን «ትሬንስፖቲንግ» ነው።

«ትሬንስፖቲንግ» 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ግድም በሆነ፣ ለፊልም ሥራ እጅግ ትንሽ በሚባል ወጪ የተሠራ ነው። ታሪኩ የኤድንብራ ይሁን እንጂ አብዛኛው የተቀረጸው ግላስጎው ውስጥ ነው። ማክግሬገር ሬንተን የተባለውን ሱሰኛ ለመጫወት ወደ 12 ኪሎ ክብደት ቀንሷል። ብዙ ጊዜ የሚወራለት ይኸው መክሳቱ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ሬንተን ጓደኞቹን ይሰርቃል፣ ወላጆቹን ይዋሻል፣ ራሱንም ያታልላል፤ ማክግሬገር ግን ተመልካቹ ይህንን ልጅ ከሩቅ ሆኖ እንዲጸየፈው ዕድል አይሰጠውም። እየሳቀ እንዲከተለው ያደርገውና ጥቂት ቆይቶ በመከተሉ እንዲያፍር ያደርገዋል። በዚያው በ1996 በእንግሊዝ የባላባቶች ዘመን የሚኖር ቅንጡ ወጣት ሆኖ «ኤማ» ላይ፣ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛና የነሐስ ሙዚቃ ባንድ አባል ሆኖ ደግሞ «ብራስድ ኦፍ» ላይ ታይቷል። በ«ኤማ» ላይ ያሳየውን ትወና ራሱም በኋላ አልወደደውም፤ እኔም አልከራከርለትም። ሆኖም ሦስቱን በአንድ ዓመት ውስጥ መሞከሩ ምን ዓይነት ተዋናይ ለመሆን እንደፈለገ በግልጽ ያሳያል።

ከቦይል ጋር የነበረው ወዳጅነት ግን ብዙ አልቆየም። ቦይል በ2000 ለወጣው «ዘ ቢች» መሪነቱን ለሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ሲሰጠው ማክግሬገር አዘነ፤ ሁለቱ ለብዙ ዓመታት ሳይነጋገሩ ቆይተው በ2017 የ«ትሬንስፖቲንግ»ን ሁለተኛ ክፍል አብረው ሠርተዋል።

«በስታር ዋርስ ፊልሞች ላይ ኦቢ ዋን ኬኖቢን ሲጫወት አንዳንድ ጊዜ ሕይወት አልባ ይመስለኛል፤ ድምፁም የራሱ አይመስልም። ጓደኞቼ ግን ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው ይላሉ። ማን ነው ትክክል?» (ከአዳማ)

ሁለታችሁም በከፊል ትክክል ናችሁ። በመጀመሪያ ስለ ድምፁ። ኦቢ ዋንን በስተርጅናው በ1977 የተጫወተው እንግሊዛዊው ሰር አሌክ ጊነስ ነበር። ማክግሬገር በ1999 የዚያኑ ሰው ወጣትነት እንዲጫወት ሲመረጥ፣ ጊነስ በወጣትነቱ የሠራቸውን ፊልሞች እየተመለከተ አነጋገሩን አጥንቷል። ስለዚህ የሚሰሙት ድምፅ የክሪፍ ልጅ ስኮትላንዳዊ ዘዬ አይደለም፤ ሌላ ተዋናይ ከሃያ ዓመት በፊት ለፈጠረው አነጋገር ሥር የሚሆን የወጣትነት ድምፅ ነው። ይህ ከማስመሰል የከበደ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ጊነስን ቢቀዳ መሳቂያ ይሆናል፣ ቢተወው ደግሞ ተመልካቹ ሁለቱን አንድ ሰው አድርጎ አይቀበላቸውም።

ሕይወት አልባነቱን በተመለከተ፣ ተዋናዩ ራሱ ያንን ዘመን አስቸጋሪ እንደነበር በይፋ ተናግሯል። በተለይ በ2002 እና በ2005 የወጡት ፊልሞች ትልቁ ክፍላቸው የተቀረጸው በሰማያዊና በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት ነው፤ ከተማው፣ ሰማዩ፣ አንዳንዴም የሚያነጋግረው ገጸ ባሕርይ ኋላ በኮምፒውተር የሚጨመሩ ነበሩ። ከመድረክ የመጣና ከጎኑ ካለው ሰው ዓይን እየተቀበለ መተወን ለለመደ ሰው ባዶ መጋረጃ ክፉ አጋር ነው። አንዳንድ ጊዜ ሕይወት አልባ መስሎ የታየዎ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በ2005 ፊልም መጨረሻ ላይ ግን፣ በእሳተ ገሞራው ዳርቻ ተቃጥሎ ለወደቀው ደቀ መዝሙሩ የሚያሰማውን ጩኸት እንደገና ይመልከቱት፤ በዚያ ትዕይንት ላይ ከፊቱ እውነተኛ ሰው ነበረው፣ ልዩነቱም ይታያል።

በ2022 በባለ ስድስት ክፍል የቴሌቪዥን ድራማ ወደዚሁ ገጸ ባሕርይ ሲመለስ የቀረጻው ስልት ተለውጦ ነበር። በዙሪያው የቆመው ባዶ መጋረጃ ሳይሆን በረሃውንና ከተማውን በቦታው የሚያሳይ ግዙፍ የብርሃን ስክሪን ነበር። በዚህ ድራማ ላይ ተስፋ የቆረጠ፣ ማንነቱን ደብቆ ሥጋ በመቁረጥ የሚተዳደር ኦቢ ዋንን እናያለን። ታሪኩ በየቦታው ይላላል፤ የእርሱ ትወና ግን ከቀደሙት ሁሉ ይልቃል ብል አልተጋነነም።

«የቴአትር ጥበባት ተማሪ ነኝ። «ሙላን ሩዥ» ላይ የሚዘፍነው ራሱ ነው? መድረክ ላይስ ሠርቶ ያውቃል ወይስ የፊልም ሰው ብቻ ነው?» (ከአዲስ አበባ)

አዎን፣ ራሱ ነው የዘፈነው፤ አብራው የሠራችው ኒኮል ኪድማንም እንዲሁ በራሷ ድምፅ ነው የዘፈነችው። በ2001 የታየው ይህ የባዝ ሉርማን ፊልም የተሠራው አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ውስጥ ሲሆን፣ ታሪኩ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ፓሪስ ውስጥ የአንድ ድሃ ጸሐፊና የአንዲት የመድረክ ኮከብ ፍቅር ነው። እርስዎ የሙያው ተማሪ ስለሆኑ አንድ ነገር ልብ ቢሉ ይጠቅምዎታል። ማክግሬገር ሥራ በጀመረበት የፖተር ድራማ ላይ የሌሎችን ዘፈኖች ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ብቻ ያስመስል ነበር፤ በ«ሙላን ሩዥ» ላይ ግን ድምፁ ሲሰነጠቅ ሳይቀር ይሰማል፣ ያንን አልደበቀውም። ከእርሱ የተሻሉ ዘፋኞች ሞልተዋል። እርሱ ግን ዘፈኑን እንደ ንግግር ቀጣይ አድርጎ፣ መናገር የማይበቃበት ቦታ ላይ ደርሶ እንደሚጮህ ሰው ነው የሚያወጣው። ድምፁን ብቻ በሰጠባቸው ሥራዎችም ይህ ጠባዩ ይታያል፤ በ2022 በጊየርሞ ዴል ቶሮ «ፒኖኪዮ» ላይ ተራኪው ክሪኬት እርሱ ነው።

ወደ መድረኩ ስንመጣ፣ በ1998 ዝናው ገንኖ ሳለ በአጎቱ በሎሰን አዘጋጅነት ለንደን ውስጥ ቴአትር ሠርቷል። በ2005 ለንደን በሚገኘው ፒካዲሊ ቴአትር በ«ጋይስ ኤንድ ዶልስ» ሙዚቃዊ ተውኔት ቁማርተኛውን ስካይ ማስተርሰንን ተጫውቷል። በ2014 በኒውዮርክ ብሮድዌይ፣ በ2025 ደግሞ እንደገና በለንደን መድረክ ላይ ታይቷል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በ2007 መጨረሻ በማይክል ግራንዴጅ አዘጋጅነት የቀረበው «ኦቴሎ» ይመስለኛል። ቦታው 250 ገደማ መቀመጫ ብቻ ያለው ዶንማር ዌርሃውስ ሲሆን፣ ኦቴሎን የተጫወተው ቺዌቴል ኤጂዮፎር፣ ተንኮለኛውን ኢያጎን የተጫወተው ማክግሬገር ነበር። በደግ ፊቱና በፈገግታው የሚታወቅን ሰው ለኢያጎ መምረጥ ብልህነት ነው፤ ኦቴሎ በዚህ ሰው መታለሉ ሞኝነት መስሎ አይታይምና። የዚያን ዓመት የሎረንስ ኦሊቪየ ሽልማት በምርጥ ተዋናይነት ያገኘው ኤጂዮፎር ነበር። ይህችን ነገር ይያዙልኝ፤ ለሚቀጥለው ጥያቄ መልስ ትሆናለች።

«ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቷል፤ ሥራዎቹም ብዙ ናቸው። ታዲያ እስካሁን ለኦስካር አንድ ጊዜ እንኳ አለመታጨቱ ለምን ይሆን? ከችሎታው ነው ወይስ ከሆሊውድ አድልዎ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ውድ ጠያቂያችን፣ የሆሊውድ ድምፅ ሰጪዎችን ልብ መርምሮ ማወቅ አይቻልም፤ ፊልሞቹን በቅደም ተከተል ለተመለከተ ሰው ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። በ1998 «ሊትል ቮይስ» ላይ ርግብ የሚያረባ ዓይን አፋር የስልክ ቴክኒሽያን ሆኖ ሠራ፤ ለኦስካር የታጨችው ብሬንዳ ብሌቲን ናት። «ሙላን ሩዥ» ለስምንት ኦስካር ሲታጭ በትወና የታጨችው ኪድማን ናት። በ2010 «ቢጊነርስ» ላይ፣ አባቱ በስተርጅና ዕድሜውን ሙሉ የደበቀውን ሕይወት ሲገልጽለትና ብዙም ሳይቆይ በካንሰር ሲሞት የሚያይ ልጅ ሆነ፤ አባቱን የተጫወተው ክሪስቶፈር ፕላመር በ82 ዓመቱ ኦስካር ወሰደ። በ2012 «ዘ ኢምፖሲብል» ላይ ናኦሚ ዋትስ ታጨች። በ2013 «ኦገስት፦ ኦሴጅ ካውንቲ» ላይ ሜሪል ስትሪፕና ጁሊያ ሮበርትስ ታጩ። በአምስቱም ፊልሞች ውስጥ አለ፤ በአምስቱም ሽልማቱ ወይም ዕጩነቱ የሄደው ከጎኑ ወደ ቆመው ሰው ነው። ኦቴሎም ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ይህ አጋጣሚ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ጥሩ ሚዜ ሙሽራው እንዲያምር ይለፋል እንጂ በሠርጉ ቀን ራሱን አያሳይም፤ ማክግሬገርም በብዙ ፊልሞቹ የያዘው ቦታ ይህ ነው። «ቢጊነርስ»ን ተመልሰው ቢያዩት ፕላመር ደምቆ የሚታየው ልጁ የአባቱን አዲስ ደስታ ሲያይ በፊቱ ላይ በሚመላለሰው ግራ መጋባት፣ ፍቅርና ቅናት ምክንያት መሆኑን ያስተውላሉ። ተመልካቹ አባትየውን የሚያየው በልጁ ዓይን ነው። «ዘ ኢምፖሲብል» በ2004 በታይላንድ የደረሰውን የሱናሚ አደጋ የሚተርክ ሲሆን፣ ባልየው ሚስቱንና ታላቅ ልጁን ፈልጎ አጥቶ በተዋሰው ስልክ ወደ ሚስቱ አባት የሚደውልበት ትዕይንት አለ። ንግግሩን ይጀምርና ድምፁ ይሰበራል፤ ስልኩን ይዘጋዋል፤ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ሽማግሌውን በዚህ ሁኔታ ሊተዋቸው እንደማይገባ ነግረውት እንደገና ይደውላል። በዚያ ዓመት ከታዩት ትወናዎች ሁሉ የላቀ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ወገን ነኝ። ግን ትዕይንቱ አጭር ነው፤ ፊልሙም የእናትየውና የልጇ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ራሱ ሁለገብነቱ ነው። ሽልማት ሰጪዎች በአንድ መልክ የሚያውቁት ተዋናይ ያንን መልክ ለውጦ ሲመጣባቸው ይደነቃሉ፤ ማክግሬገር ግን ሁልጊዜ ስለሚለወጥ ለውጡ ዜና አይሆንም። በ2010 «ዘ ጎስት ራይተር» ላይ የተጫወተው ሰው ስም እንኳ የለውም፤ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትርን የሕይወት ታሪክ በሌላ ሰው ስም የሚጽፍ ደራሲ ነው። በዚህ ሚና የአውሮፓ ፊልም ሽልማትን በምርጥ ተዋናይነት አግኝቷል፤ ሆሊውድ ግን አላየውም። መሐል ላይ ልቁም ብሎ በሞከረበት ጊዜ ደግሞ አልተሳካለትም። በ2016 ከፊሊፕ ሮት ልብ ወለድ የተወሰደውን «አሜሪካን ፓስቶራል» ራሱ ዳይሬክት አድርጎ ራሱ መሪ ሆኖ ቢሠራም፣ ፊልሙ ታማኝ ከመሆኑ በቀር ነፍስ ያጣ ነበር፤ ተቺዎችም አልራሩለትም።

ሦስተኛውን ነገር ምክንያት ከማለት ይልቅ ማካካሻ ብለው ይሻላል። ታላላቆቹን የአሜሪካ ሽልማቶች ያገኘው በቴሌቪዥን ነው። በ2017 «ፋርጎ» በተባለው ድራማ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ሁለት ወንድማማቾችን ተጫወተ። አንዱ ኤሚት፣ በሚኒሶታ የመኪና ማቆሚያ ቦታዎች ባለቤት የሆነ፣ ፀጉሩ የተስተካከለና ኑሮው የደላው ሰው ነው። ሌላው ሬይ፣ ከእስር በአመክሮ የተለቀቁትን የሚቆጣጠር፣ መላጣ የጀመረው፣ ሆዱ የወጣና ምሬት ያደረበት ሰው ነው። ጠባቸው የተነሳው ከአባታቸው ውርስ ነው፤ አንዱ ውድ የፖስታ ቴምብሮችን፣ ሌላው መኪና ወርሰው ሬይ እንደተታለለ ያምናል። በውርስ ምክንያት ከወንድሙ ጋር የተኳረፈ ሰው በየአገሩ ስላለ ታሪኩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሁለቱ ፊት ለፊት የሚጣሉባቸውን ትዕይንቶች ማክግሬገር ሁለት ጊዜ መሥራት ነበረበት፤ በመጀመሪያ አንዱን ሆኖ፣ ከዚያ መልኩንና ልብሱን ለውጦ ሌላውን ሆኖ። ዕድሜውን ሙሉ ከጎኑ ለቆመው ብርሃን ሲሰጥ የኖረው ሰው በዚህ ጊዜ ከጎኑ የቆመው ራሱ ሆነ። በጥር 2018 የጎልደን ግሎብ ሽልማትን አገኘበት። በ2021 ደግሞ የአሜሪካዊውን የልብስ ዲዛይነር የሃልስተንን ሕይወት በሚተርከው ባለ አምስት ክፍል ድራማ የኤሚ ሽልማትን በመሪ ተዋናይነት ወሰደ። ሃልስተን ስሙን ለኩባንያ ሸጦ በኋላ በገዛ ስሙ መሥራት የተከለከለ ሰው ነበር፤ ትዕቢቱና ውርደቱ በአንድ ፊት ላይ ሲፈራረቁ ማየት ለሚወድ ተመልካች ድራማው ይመከራል። የብሪታንያ መንግሥትም በ2013 መባቻ ለድራማና ለበጎ አድራጎት ላበረከተው አስተዋጽኦ የክብር ኒሻን ሰጥቶታል።

«ይህ ተዋናይ በሞተር ብስክሌት በአገራችን አልፏል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው? እግረ መንገድዎን ደግሞ፣ ከፊልሞቹ ከየትኛው ብጀምር ይሻለኛል?» (ከጎንደር)

እውነት ነው። ማክግሬገር ከጓደኛው ከተዋናይ ቻርሊ ቡርማን ጋር በ2004 ከለንደን ተነሥቶ በምሥራቅ አቅጣጫ በሞንጎልያና በሳይቤሪያ አቋርጦ እስከ ኒውዮርክ በሞተር ብስክሌት ተጉዟል። ሁለተኛው ጉዞ በ2007 ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ከጆን ኦ ግሮትስ እስከ ደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን የተደረገው ነው። 18 አገሮችን አቋርጠው፣ በግንቦት ተነሥተው በነሐሴ መጀመሪያ ደርሰዋል። ከቱኒዚያ ተነሥተው በሊቢያ፣ በግብፅና በሱዳን በኩል ኢትዮጵያ ገብተው፣ በሞያሌ ወደ ኬንያ ወጥተዋል። በእኛ አቆጣጠር 1999 ዓ.ም. እየተገባደደ፣ ሦስተኛውን ሺህ ዓመት ለመቀበል ጥቂት ወራት ሲቀሩን ማለት ነው። ከሞያሌ በስተ ደቡብ ያለው የሰሜን ኬንያ መንገድ በዚያን ጊዜ አስፋልት አልነበረውም፤ ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው የድንጋዩንና የአቧራውን ችግር መገመት ይከብደዋል። ማክግሬገር ከ2004 ጀምሮ የዩኒሴፍ አምባሳደር በመሆኑ በጉዞው ላይ የድርጅቱን ሥራዎች ጎብኝቷል። ጉዞው በቢቢሲ በተከታታይ ቀርቧል። ሁለቱ ጓደኛሞች በ2019 ደግሞ በኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ከአርጀንቲና ደቡባዊ ጫፍ እስከ ሎስ አንጀለስ ተጉዘዋል።

ስለ ፊልሞቹ፣ ከቤተሰብ ጋር ለመመልከት ከሆነ በ2003 የወጣውን የቲም በርተንን «ቢግ ፊሽ» ያስቀድሙ፤ ተረት የሚያበዛ አባትና እውነቱን የሚፈልግ ልጅ ታሪክ ነው፤ የአባትየውን ወጣትነት ማክግሬገር፣ እርጅናውን አልበርት ፊኒ ይጫወቱታል። ከዚያ «ብራስድ ኦፍ»ን ይመልከቱ፤ ማዕድኑ ሊዘጋባቸው የተቃረቡ ሠራተኞች የሙዚቃ ባንዳቸውን ለማዳን የሚያደርጉት ጥረት ነው። «ትሬንስፖቲንግ» የአደንዛዥ ዕፅ አወሳሰድን በግልጽ የሚያሳይና ቋንቋውም ጸያፍ ስለሆነ ልጆች በሌሉበት ይሁን። «ፋርጎ»ን ለመመልከት የፊተኞቹን ሁለት ምዕራፎች ማየት ግዴታዎ አይደለም፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ ለብቻው የቆመ ታሪክ ስለሆነ በቀጥታ ከሦስተኛው መጀመር ይችላሉ።